ስትሪንግ-ሜክ-ዩኒባይት

ስትሪንግ-ሜክ-ዩኒባይት በኢማክስ የጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራም ውስጥ ጽሑፍን ወደ ባይት የሚለውጥ አሮጌ ፈንክሽን ነው። ከ26.1 እትም (2018 እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ጊዜው ያለፈበት ተብሎ፣ በምትኩ ኢንኮድ-ኮዲንግ-ስትሪንግ እንዲሠራበት ይመከራል።

ምክንያቱ የፊደል መጥፋት ነው። አሮጌው ፈንክሽን ከአስኪ ውጭ ካለ ፊደል የዩኒኮድ ቁጥር የመጨረሻዎቹን 8 ቢት ብቻ ያስቀራል። በአሥራ ስድስት ቤት አቆጣጠር «ሠ» 1220፣ «ጠ» 1320 ስለሆኑ ከሁለቱም የሚተርፈው 20፣ ማለትም ባዶ ቦታ ነው፤ የትኛው ፊደል እንደነበረ መልሶ ማወቅ አይቻልም። በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቻ ለሚሞክር ፕሮግራመር ይህ ስህተት ጨርሶ አይታየውም።

አዲሱ ፈንክሽን የኮድ ዓይነቱን ይጠይቃል። ዩቲኤፍ-8 ከተመረጠ «ሠ» 3 ባይት (225፣ 136፣ 160) ይሆናል፤ ዲኮድ-ኮዲንግ-ስትሪንግም ሳያጎድል ይመልሰዋል። ስለዚህ ስሙን ብቻ መተካት አይበቃም፤ ለ1 ፊደል 1 ባይት ብሎ ርዝመት የሚቆጥር ኮድም አብሮ መታረም አለበት።