የሕሙማን ምስጢርና የመረጃው መንገድ፦ ጤና ተቋምን ከክላውድ ጋር የሚያገናኝ የቪፒኤን መስመር አዘገጃጀት

መግቢያ

በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ክፍል፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ቆሼ ስሙን ያገኘው ከተማዋ ለአሥርት ዓመታት ከደፋችበት ቆሻሻ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ክምር ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን ሲያጡ አካባቢው የብዙዎች መነጋገሪያ ሆኖ ነበር። ለጤና ባለሙያ ግን ሰፈሩ ሌላም ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመው አለርት ሆስፒታልና እ.ኤ.አ. በ1970 የተመሠረተው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም የሚገኙት በዚሁ አቅራቢያ ነው። በሥጋ ደዌ የተጠቁ ብዙ ወገኖች ለሕክምና ከሩቅ መጥተው፣ መገለልን በመፍራት ወደ ትውልድ ቀያቸው ሳይመለሱ ኑሯቸውን በዚያው መሥርተዋል።

እንዲህ ባለ ሰፈር የአንድ ሰው ስምና የሕመሙ ስም አንድ ላይ ተጽፈው ከማይመለከተው ሰው እጅ ቢገቡ ጉዳቱ ከሕመሙ ሊብስ ይችላል። የሥጋ ደዌ፣ የሳንባ ነቀርሳ ወይም የኤች አይ ቪ ታካሚ ምስጢሩ መውጣቱን ከሰማ ቤት እንዳያጣ፣ ከሥራ እንዳይባረር በመሥጋት መድኃኒቱን ሊያቋርጥ፣ ክትትሉንም ሊተው ይችላል። የሕክምና ካርድ በወረቀት ብቻ በነበረበት ዘመን የዚህ ምስጢር ጠባቂ የካርድ ክፍሉ ቁልፍ ነበር። መረጃው በኮምፒውተር ተመዝግቦ ከግቢው ርቆ በሚገኝ ሰርቨር ሲቀመጥ ግን ጥበቃው የሚጀምረው በመንገዱ ላይ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም የመንገዱን አዘገጃጀት ለጤና ባለሙያዎች በሚገባ መልኩ ማስረዳት ነው።

ቪፒኤን ምንድን ነው?

ክላውድ የሚባለው አሠራር ሰርቨሩ በጤና ተቋሙ ግቢ መሆኑ ቀርቶ፣ አገልግሎቱን በኪራይ በሚያቀርብ ድርጅት የመረጃ ማዕከል ውስጥ ሲሆን ነው። በጤና ተቋሙና በሰርቨሩ መካከል ያለው ኢንተርኔት የሁሉም መተላለፊያ ስለሆነ ሳይሸፈን የተላከ መረጃ በመንገድ ላይ ሊነበብ ይችላል። ቪፒኤን በዚህ የጋራ መንገድ ውስጥ ለሁለቱ ወገኖች ብቻ የሚሆን የተሸፈነ መስመር ይዘረጋል። ባለሙያዎች «ተነል» የሚሉት ይህን መስመር ነው። በመስመሩ የሚያልፈው መረጃ ይመሰጠራል፤ በመንገድ ላይ ቢለወጥ ይታወቃል፤ ላኪና ተቀባይም አስቀድመው ማንነታቸውን ይረጋገጣሉ።

ጤና ሚኒስቴር ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር «ሄልዝኔት» በሚል ስም የዘረጋው የጤና ተቋማት መረብ በዚሁ የቪፒኤን ሐሳብ ላይ የተመሠረተ ነው። እዚህ ላይ በሁለት የመረጃ ዓይነቶች መካከል ያለውን ልዩነት ማስተዋል ያስፈልጋል። በዲኤችአይኤስ 2 የሚላከው ወርኃዊ ሪፖርት በአብዛኛው ድምር ቁጥር ነው። የኤሌክትሮኒክ የሕክምና መዝገብ ግን የእያንዳንዱን ታካሚ ስም፣ አድራሻና ምርመራ ይይዛል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት የግል መረጃዎች ይመድበዋል። ስለዚህ የታካሚ መዝገብ የሚተላለፍበት መስመር አዘገጃጀት ለኮምፒውተር ክፍሉ ብቻ የሚተው አይደለም።

ከመዘርጋቱ በፊት የሚወሰኑ ጉዳዮች

ለማስረዳት ያህል በቆሼ አካባቢ የሚሠራ አንድ ጤና ጣቢያ በክላውድ ካለ የሕክምና መዝገብ ሰርቨር ጋር ሊገናኝ ነው እንበል። አስቀድመው መወሰን ያለባቸው አራት ጉዳዮች አሉ።

1. የውስጥ አድራሻ፦ ብዙ ራውተሮች ከፋብሪካ ሲወጡ 192.168.1.0 ወይም ተመሳሳይ የአድራሻ ክልል ይዘው ነው። በሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ክልል ካለ ራውተሩ መረጃው እዚያው ግቢ ውስጥ የሚቀር ወይም ወደ ክላውድ የሚሄድ መሆኑን መለየት አይችልም። ስለዚህ ለጤና ጣቢያው ለምሳሌ 10.20.30.0፣ ለክላውዱ ደግሞ 10.80.0.0 የሚጀምር የተለያየ ክልል መመደብ ይገባል።

2. የውጭ አድራሻ፦ የክላውዱ ጫፍ ጤና ጣቢያውን በአብዛኛው የሚያውቀው በውጭ አይፒ አድራሻው ነው። አድራሻው በየጊዜው የሚቀያየር ከሆነ መስመሩ ሊቋረጥ ስለሚችል ቋሚ አድራሻ ከቴሌኮም አቅራቢው መጠየቅ የተሻለ ነው።

3. የሚፈቀደው ግንኙነት፦ መስመሩ ተዘረጋ ማለት ሁሉም ኮምፒውተር ወደ ሁሉም ሰርቨር ይግባ ማለት አይደለም። ካርድ ክፍሉ፣ ላቦራቶሪውና መድኃኒት ቤቱ ለሥራቸው ወደሚያስፈልጋቸው አገልግሎት ብቻ እንዲደርሱ በፋየርዎል መወሰን አለበት። ለታካሚዎችና ለአስታማሚዎች የተፈቀደ ዋይፋይ ካለም ከዚህ መረብ ፈጽሞ መለየት አለበት።

4. የመረጃው መቀመጫ፦ ሰርቨሩ ያለው በአገር ውስጥ ነው ወይስ በውጭ? መረጃው ከአገር የሚወጣ ከሆነ ከላይ የተጠቀሰው አዋጅ ያስቀመጣቸው ሁኔታዎች መሟላታቸውን አስቀድሞ ማረጋገጥ የተቋሙ ኃላፊነት ነው።

ሁለቱ የስምምነት ደረጃዎች

ተቋምን ከክላውድ ለማገናኘት በስፋት የሚሠራበት ሥርዓት አይፒሴክ ይባላል። መስመሩ የሚዘረጋው በሁለት ደረጃዎች ነው። በመጀመሪያው ደረጃ ሁለቱ ራውተሮች ተዋውቀው የሚነጋገሩበትን ቁልፍ ይስማማሉ። በሁለተኛው ደረጃ ትክክለኛው መረጃ የሚመሰጠርበትን ቁልፍና የየትኛው አድራሻ መረጃ በመስመሩ እንደሚያልፍ ይወስናሉ። በሁለቱም ጫፍ የተሞላው ቅጽ ካልተጣጣመ መስመሩ አይከፈትም።

ለመጀመሪያው ደረጃ የአይኬኢ ሁለተኛው ስሪት፣ ኤኢኤስ 256 የተባለው ምስጠራ፣ ሻ 256 የተባለው የማረጋገጫ ስልትና ከቁልፍ መለዋወጫ ቡድኖች ቢያንስ ቡድን 14 ይመረጣሉ። የዚህ ደረጃ ዕድሜ በብዙ ክላውዶች 28,800 ሰከንድ ወይም 8 ሰዓት ነው። ለሁለተኛው ደረጃም ተመሳሳይ ጥንካሬ ያለው ምስጠራ ተመርጦ ዕድሜው አጠር ይላል፤ 3,600 ሰከንድ የተለመደ ነው። በዚህ ደረጃ ቁልፉ ሁልጊዜ እንደ አዲስ እንዲፈጠር የሚያዘውን ምርጫ ማብራት ይገባል፤ አንዱ ቁልፍ ቢሰረቅ የሌላው ጊዜ መረጃ አብሮ እንዳይከፈት ያደርጋልና። ዴስ፣ ሶስትዮሽ ዴስ፣ ኤምዲ 5ና ቡድን 2 ዛሬም በአንዳንድ ራውተሮች ዝርዝር ውስጥ ቢገኙም ጊዜ ያለፈባቸው ስለሆኑ መመረጥ የለባቸውም።

ሁለቱ ጫፎች የሚተዋወቁበት የጋራ ቁልፍ ረጅምና በኮምፒውተር የተፈጠረ መሆን አለበት። የተቋሙ ስምና ዓመተ ምሕረት ቁልፍ ሊሆኑ አይገባም፤ ቁልፉም በቴሌግራም ወይም በኢሜይል አይላክም። አቅም ካለ በቁልፉ ፈንታ ዲጂታል ሰርተፍኬት መጠቀም ይሻላል። ሰርተፍኬት ግን የአገልግሎት ዘመን ስላለው ራውተሩ ትክክለኛውን ቀን ማወቅ ይኖርበታል። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የራውተሩ ሰዓት ወደ ኋላ ከተመለሰ ትክክለኛው ሰርተፍኬት ተቀባይነት ሊያጣ ይችላል።

መስመሩ ሲታመም

ለሐኪም እንደሚታወቀው የችግሩን ቦታ መለየት የሕክምናው ግማሽ ነው። የቪፒኤን መስመርም በቅደም ተከተል ሲመረመር መንስኤው ይገኛል።

የመጀመሪያው ደረጃ ካልተከፈተ ቁልፉ ወይም የምስጠራው ምርጫ አልተጣጣመም፤ አለዚያም 500ና 4500 ቁጥር ያላቸው የዩዲፒ በሮች በመንገድ ላይ ተዘግተዋል። የመጀመሪያው ተከፍቶ ሁለተኛው ካልተከፈተ የሁለቱ ጫፎች የአድራሻ ዝርዝር የተለያየ ስለመሆኑ መጠርጠር ይገባል። ሁለቱም ተከፍተው መረጃ ካላለፈ ችግሩ ያለው በመንገድ አመልካቹ ዝርዝር ወይም በፋየርዎሉ ላይ ነው።

ብዙ ጊዜ ባለሙያን የሚያሳስተው ግን አራተኛው ምልክት ነው። የመግቢያው ገጽ ይከፈታል፣ የታካሚው ስም ይታያል፣ የራጅ ምስል ወይም ረጅም የላቦራቶሪ ውጤት ሲጠየቅ ግን ገጹ ቆሞ ይቀራል። ይህ ሲሆን ኢንተርኔቱ ቀርፋፋ ነው ተብሎ ይታለፋል። መንስኤው ግን ሌላ ሊሆን ይችላል። በተለመደው መረብ አንድ ፓኬት እስከ 1,500 ባይት ይይዛል። ቪፒኤኑ የራሱን ሽፋን ሲጨምርበት መጠኑ ከልክ ያልፋል፤ ትንንሹ መረጃ ሲያልፍ ትልልቁ ይወድቃል። መፍትሔውም የሚላከውን የመረጃ ቁራጭ መጠን በራውተሩ ላይ ወደ 1,350 ባይት ገደማ ዝቅ ማድረግ ነው።

መስመር መቋረጡ ስለማይቀር ራውተሩ የሌላውን ጫፍ መኖር በየጊዜው እንዲጠይቅና ሲጠፋ መልሶ እንዲገናኝ መታዘዝ አለበት። አማዞንን የመሰሉ የክላውድ አቅራቢዎች ለአንድ ግንኙነት ሁለት መስመሮችን የሚሰጡት አንዱ ሲወድቅ ሌላው እንዲተካው ነው። ሁለቱም በአንድ የቴሌኮም ገመድ የሚያልፉ ከሆነ ግን ገመዱ ሲበጠስ ሁለቱም ይቆማሉ። ስለሆነም ጤና ጣቢያው መስመር በሌለበት ሰዓት ታካሚን የሚመዘግብበትን፣ መድኃኒትም የሚያድልበትን የወረቀት አሠራር አዘጋጅቶ መያዝ ይኖርበታል።

መስመሩ የማይከላከለው ጉዳት

ቪፒኤን መንገዱን ይጠብቃል እንጂ ሁለቱን ጫፎች አይጠብቅም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ዋናክራይ የተባለው ጥቃት የእንግሊዝን የጤና አገልግሎት ሲመታ ቢያንስ 81 የጤና ድርጅቶች ሥራቸው ተስተጓጉሏል። የጥቃቱ በር በጊዜው ያልታደሰ የኮምፒውተር ሥርዓት ነበር። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ደግሞ ቼንጅ ሄልዝኬር የተባለው የአሜሪካ ድርጅት የተጠቃው ተጨማሪ የማንነት ማረጋገጫ ባልነበረው የርቀት መግቢያ በኩል ነው። ከዚህ አንጻር አምስት ነርሶች በአንድ የይለፍ ቃል የሚገቡበት ክፍል እጅግ ጠንካራ በሆነ ምስጠራም አይድንም። ሽፋኑ ራውተሩ ላይ ስለሚያበቃም ከራውተሩ እስከ ምርመራ ክፍሉ ኮምፒውተር ያለው መንገድ በኤችቲቲፒኤስ ሊመሰጠር ይገባል።

የመጨረሻው ጉዳይ የመሣሪያው አወጋገድ ነው። ኢሴት የተባለው የስሎቫኪያ የኮምፒውተር ደኅንነት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ጥናት፣ ከገበያ ከገዛቸው ያገለገሉ ራውተሮች ከግማሽ በሚበልጡት ላይ የቀድሞ ባለቤቶቻቸው የመረብ መረጃ እንዳለ አግኝቷል፤ ከነዚህም ውስጥ የቪፒኤን ቁልፎች ነበሩበት። ቆሼ አንድ ነገር ያስተምራል፦ የተጣለ ዕቃ አይጠፋም፤ የሚለቅመው፣ የሚፈታውና የሚሸጠው ሰው አለ። አንድ ጤና ጣቢያ አሮጌ ራውተሩን ሳያጸዳ ሲጥል የካርድ ክፍሉን ቁልፍ አብሮ መጣሉ ነው። መሣሪያው ከአገልግሎት ሲወጣ ቅንብሩ መደምሰስ፣ ቁልፉም በክላውዱ ጫፍ በዚያው ዕለት መለወጥ አለበት።

ማጠቃለያ

የጤና ባለሙያ ራውተር እንዲያዘጋጅ አይጠበቅበትም። የተቋሙን የኮምፒውተር ባለሙያ ግን እነዚህን መጠየቅ ይችላል፣ ይገባዋልም፦ የታካሚዎቻችን መዝገብ በምን ምስጠራ ይተላለፋል? ቁልፉን ማን ያውቃል፣ መቼስ ተለወጠ? ወደ መዝገቡ ማን ማን ይገባል፣ መግባቱስ ይመዘገባል? መስመሩ ሲቋረጥ ምን እናደርጋለን? አሮጌው ራውተር የት ደረሰ? ታካሚው ስሙንና ሕመሙን የሚናገረው ከፊቱ ለተቀመጠው ባለሙያ ነው። ቃሉ ከዚያ ክፍል ወጥቶ በሚሄድበት መንገድ ሁሉ ምስጢሩን የመጠበቅ አደራም የዚያው ባለሙያ ነው።