ያረጀ መኪና፣ ያልደከመ ሞተር
በደጋ አገር ለሚኖሩ መኪና ወዳድ ወጣቶችና ለወላጆቻቸው



በአገራችን መኪና አረጀ ተብሎ አይጣልም። አባት የገዛውን ልጅ ይወርሰዋል፤ ልጅ የነዳውን የልጅ ልጅ ፈታትቶ ይገጥመዋል። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ከውጭ ማስገባትን እጅግ ውድ አድርጎታል። በ2016 ዓ.ም ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ተወሰነ። በመሆኑም ቀደም ብለው የገቡት ዲኤክስ ቶዮታዎች፣ ፔጆዎች፣ ላዳዎችና ፎልክስዋገኖች ገና ለብዙ ዓመት አብረውን የሚኖሩ ይመስላል።

የአርሲ ወጣት ደግሞ ለሞተር እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1967 በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት አሰላ ላይ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በተለምዶ ካዱ የሚባለው፣ ሥራውን ከጀመረበት ዘመን ወዲህ ትራክተርና ኮምባይነር በአካባቢው ስንዴ ማሳ ላይ የተለመደ ነገር ሆኗል። ከአሰላ እስከ ዲክሲስ ባለው ደጋ በመኸር ወቅት ኮምባይነር ሲበላሽ ቆሞ ያላየ፣ ቁልፍ ያላቀበለ ልጅ ጥቂት ነው። ይህ ልጅ አድጎ አሮጌ መኪና እጁ ሲገባ የመጀመሪያ ጥያቄው «እንዴት ላፍጥነው?» የሚል ይሆናል። እኛ ግን ከዚያ በፊት ሌላ ጥያቄ እናቀርባለን፤ የነበረው ጉልበት የት ሄደ?

ፈጣን የነበሩት መኪኖች

ዛሬ «ሽማግሌ» የምንላቸው መኪኖች በዘመናቸው ዝነኞች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1953 በጎረቤታችን በምሥራቅ አፍሪካ የተጀመረውን የሳፋሪ ራሊ ውድድር ፎልክስዋገን በ1954፣ በ1957 እና በ1962 አሸንፏል። ፔጆ 404 በ1963፣ ከዚያም ከ1966 እስከ 1968 በተከታታይ ድል አድርጓል። ፔጆ 504 በ1975 ባለ ድል ሲሆን፣ ባለ ስድስት ሲሊንደሩ 504 ደግሞ በ1978 ደግሞታል።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው አንድ ቁም ነገር አለ። ሳፋሪ በጭቃ፣ በአቧራና በድንጋይ መካከል በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር የሚነዳበት ውድድር ነበር። ከተወዳዳሪዎቹ ብዙዎቹ መጨረሻው ላይ አይደርሱም ነበር። ያሸነፈው ፈጣን ሆኖም ሳይሰበር የደረሰው ነው። ለዲክሲስ መንገድም የሚያስፈልገው እንዲህ ያለው መኪና ነው።

ደጋው የሚወስደው ጉልበት

አሰላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ሞተር ቤንዚንን የሚያቃጥለው በአየር ነውና አየሩ ሲሳሳ ጉልበቱም አብሮ ይቀንሳል። ካርቡሬተር ያለው መኪና ባሕር ዳር 80 የፈረስ ጉልበት ቢኖረው አሰላ ላይ የሚቀረው 60 ገደማ ነው። ስለዚህ «መኪናዬ ዳገት አልወጣ አለ» የሚል ወጣት ሞተሩን ከመውቀሱ በፊት አገሩን ያስብ።

ሌላም ነገር አለ። ካርቡሬተር አየሩ መሳሳቱን በራሱ አያውቅም። ለቆላ የተለካውን ቤንዚን ደጋ ላይም ያፈሳል። ቤንዚኑ ከአየሩ ይበዛና ጢሱ ይጠቁራል፤ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፤ ነዳጁም በከንቱ ያልቃል። በኅዳርና በታኅሣሥ የስንዴ ገለባና አቧራ የአየር ማጣሪያውን ሲደፍነው ነገሩ ይባባሳል።

ይህን አለማወቅ ብዙ ገንዘብ ያስወጣል። የሲሊንደር ግፊት መለኪያ በአሰላ የሚያሳየው ቁጥር በመኪናው መጽሐፍ ከተጻፈው በሩብ ያህል ሊያንስ ይችላል። ይህን አይቶ «ፒስቶን ፋሻው አልቋል» ብሎ ደህና ሞተር ማስፈታት ከንቱ ወጪ ነው። ሊታይ የሚገባው በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ሁሉም ተቀራራቢ ከሆኑ ሞተሩ ጤነኛ ሊሆን ይችላል፤ አንዱ ከሌሎቹ በግልጽ ካነሰ ግን ችግሩ እዚያ ነው።

በሽታውን በቤት ማወቅ

ሐኪም መድኃኒት ከማዘዙ በፊት እንደሚመረምር ሁሉ፣ አሮጌ መኪናም ዕቃ ከመቀየር በፊት ምርመራ ይሻል። የመጀመሪያው ደንብ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መንካት ነው። ካንዴላ፣ ቦቢናና ካርቡሬተር በአንድ ቀን የቀየረ ሰው መኪናው ቢድን እንኳ ያዳነው የቱ እንደሆነ አያውቅም።

ካንዴላውን አውጥተን እንየው። ቀለሙ እንደ ቡና በወተት ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ መልካም ነው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ቤንዚን መብዛቱን ያሳያል። በዘይት የራሰ ከሆነ ዘይት ወደ ሲሊንደሩ እየገባ ነው። ነጭ ሆኖ የተቃጠለ ከመሰለ ደግሞ ቤንዚን አንሶታል፣ ወይም ሞተሩ ከልክ በላይ ግሏል። ይህኛው ፒስቶን ሊያቀልጥ ስለሚችል ቸል አይባልም።

ጢሱም ይናገራል። ጥቁር ጢስ የቤንዚን መብዛት፣ ሰማያዊ ጢስ የዘይት መቃጠል፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ የማያቋርጥ ነጭ ጢስ ደግሞ ውኃ ወደ ሲሊንደሩ ለመግባቱ ምልክት ነው። የዘይት መለኪያው ሲወጣ ዘይቱ ወተት ከመሰለ መኪናውን ማስነሳት አይገባም።

ሲሞቅ የሚያስቸግር መኪናን በተመለከተ ብዙዎች የሚረሱት ትንሽ ዕቃ አለ፤ ይኸውም የራዲያተሩ ክዳን ነው። በአሰላ ከፍታ ውኃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ጤነኛ ክዳን ግፊት ይዞ ይህን ወለል በ20 ዲግሪ ያህል ከፍ ያደርገዋል። ጎማው የደረቀ ክዳን ግን ግፊት አይዝም። ክዳን በመቀየር የሚድን መኪና ስንቱ ራዲያተሩን አስቀይሯል!

«ማሻሻል» የሚባለው ነገር

አሁን ወጣቶቻችን ወደሚወዱት ርዕስ እንምጣ። በየመንደሩ ማሻሻያ ተብለው ከሚሠሩት ብዙዎቹ መኪናውን ይጎዱታል።

ማርሚታ መቁረጥ ድምፅ ይጨምራል፤ በተራ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ላይ የሚጨምረው ጉልበት ግን ይህ ነው የሚባል አይደለም። ጎረቤት ይረብሻል፤ የተቆረጠው ከመቀመጫው ሥር ከሆነም መርዛማው ጭስ ወደ ውስጥ ይገባል። የአየር ማጣሪያ ማውጣት የማሳ አቧራ በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ መጋበዝ ነው። ተርሞስታት ማውጣት በዲክሲስ ብርድ ሞተሩ በቂ ሙቀት እንዳያገኝ ያደርገዋል፤ ያልተቃጠለ ቤንዚን ዘይቱን ያቀጥነዋል፤ ፋሻውም ቶሎ ያልቃል። መኪናው ዝቅ እንዲል ሞላውን በመጋዝ መቁረጥ ደግሞ በጉድጓዳማ መንገድ ላይ መሪውን የማይታመን ያደርገዋል።

ታዲያ የሚጠቅመው የቱ ነው? አንደኛ፣ ቤንዚን የምታሳልፈውን የካርቡሬተር የናስ ቀዳዳ በአንድ ወይም በሁለት ቁጥር ማሳነስና ካንዴላውን እያዩ ልኩን ማግኘት። ሁለተኛ፣ የእሳቱን ጊዜ በጥቂት ዲግሪ ማስቀደም። ስስ አየር ላይ ሞተሩ ቶሎ ስለማያንኳኳ ይህን ይችላል። ነገር ግን ወደ ቆላ ሲወረድ ማንኳኳት ከጀመረ ወደ ቦታው መመለስ ይገባል። ሦስተኛ፣ ፑንቲና ያለውን አሮጌ ማቀጣጠያ በኤሌክትሮኒክ መተካት። አራተኛው ምንም ገንዘብ አያስወጣም። 1,000 ኪሎ ከሚመዝን መኪና 100 ኪሎ ማራገፍ በፍጥነት አያያዙ ላይ የሞተሩን ጉልበት በአንድ አሥረኛ ከመጨመር ጋር የሚስተካከል ነው። የማይፈለገውን ፖርቶመጋላና ኋላ የተከማቸውን ብረት ማውረድ ከብዙ ዕቃ ይበልጣል።

ስለ ተርቦ የሚጠይቁንም አሉ። በእርግጥ ተርቦ ደጋው የወሰደውን አየር ይመልሳል። ቶዮታ ሴሊካ ከ1984 እስከ 1986 እ.ኤ.አ. ሳፋሪን በተከታታይ ያሸነፈው በተርቦ ነው። ነገር ግን የዚያ መኪና ፒስቶን፣ ማቀዝቀዣና ፍሬን ለዚሁ ተብለው የተሠሩ ነበሩ። በአሮጌ ዲኤክስ ሞተር ላይ ተርቦ መግጠም ሞተሩን ማጥፋት ነው።

ቁልቁለቱን አንርሳ

ከአሰላ ተነሥቶ በኢተያና በደራ አድርጎ አዳማ የሚገባ መኪና 800 ሜትር ያህል ወደ ታች ይወርዳል። 1,200 ኪሎ የሚመዝን መኪና በዚህ መውረድ ብቻ የሚለቀው ኃይል፣ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድን ያንኑ መኪና ከ30 ጊዜ በላይ ከማቆም ጋር እኩል ነው። ከዚህ ጥቂቱን ነፋስና ጎማ ይወስዱታል፤ የቀረውን የሚሸከሙት በማርሽ የተያዘው ሞተርና ፍሬኑ ናቸው። ማርሹን ነፃ አድርጎ ነዳጅ ለመቆጠብ የሚወርድ አሽከርካሪ ሸክሙን ሁሉ በፍሬን ሸራ ላይ ይጥለዋል።

የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ ከ205 ዲግሪ በታች አይፈላም፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን ይህ ወለል ወደ 140 ዲግሪ ይወርዳል። ዘይቱ ሲፈላ እንፋሎት ይፈጠርና ፔዳሉ ወለል ድረስ ይገባል፤ መኪናው ግን አይቆምም። ስለዚህ በየሁለት ዓመቱ ይቀየር። ፍጥነትም እንዲሁ ነው፤ ከ60 ወደ 90 ኪሎ ሜትር የጨመረ ሰው ፍሬኑ ላይ የጨመረው ሸክም ግማሽ ሳይሆን ከእጥፍ በላይ ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን እንላለን፤ መጀመሪያ ፍሬን፣ ቀጥሎ መሪና ጎማ፣ ከዚያ ማቀዝቀዣ፣ በመጨረሻ ሞተር። በዚያ መንገድ ላይ የፈረስ ጋሪ፣ ከብት የሚነዳ ሕፃን፣ ከገበያ የምትመለስ እናት አሉ። መሪ የጨበጠ ሰው የእነርሱን ሕይወት በአማና ይዟል።

ለወላጆች

ልጅዎ እጁን ዘይት ቢያስነካ አይቆጡ፤ ከመንገድ ዳር ተቀምጦ ከመዋል ይሻላል፣ ሙያም ይሆነዋል። ነገር ግን እነዚህን ይጠብቁ። በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ሥር ፈጽሞ አይግባ፤ ጠንካራ መቆሚያ ይደረግበት። በተዘጋ ቤት ውስጥ ሞተር አያስነሳ፤ ከጭሱ ጋር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ይገድላል። የጋለ ራዲያተር አይክፈት። ቤንዚን በለስላሳ ጠርሙስ አይቀመጥ፤ ሕፃን ውኃ ይመስለዋል። የተቃጠለ ዘይትም ወደ ወንዝ አይደፋ።

መኪናው የሚሸጥ ከሆነ የተቀየረው ሁሉ ለገዢው ይነገረው። ዐይብን ሸፍኖ መሸጥ በሃይማኖታችን ሐራም መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። የፍሬን ዐይብ ሲሆን ደግሞ የሚጠፋው ገንዘብ ብቻ አይደለም።

ውድ ወጣቶች፣ የሽማግሌው መኪና ጉልበት አብዛኛው አልጠፋም፤ በጥላሸት፣ በተደፈነ ማጣሪያና ቦታውን በለቀቀ ማቀጣጠያ ሥር ተደብቋል። እርሱን መመለስ መማር ከማርሚታ ድምፅ የበለጠ የሚያኮራ ሙያ ነው። አላህ ከመንገድ አደጋ ይጠብቃችሁ።