ያውቁ ኖሯል? የሴት ደም ለመርጋት ይፈጥናል!

ጁባ ውስጥ፣ ጀበል ኩጁር ተራራ ሥር ሴቶች በመዶሻ ድንጋይ ሲፈልጡ ይውላሉ። ስባሪው ይፈናጠራል፤ ጣት ይቆርጣል፤ ደም ይፈስሳል። ለካ የሴት ደም ከወንድ ደም በአማካይ ፈጥኖ ይረጋል! ጠንክሮም ይረጋል!

ትእዛዙ ከየት የሚመጣ ይመስልዎታል? ከእንቁላል እጢ! ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞን በደም ተጉዞ ጉበት ይደርሳል፤ ጉበትም ደም የሚያረጉ ፕሮቲኖችን ያበዛል።

በእርግዝና ጊዜማ አይጣል ነው! ፋይብሪኖጅን የሚባለው ፕሮቲን ወደ እጥፍ ይጠጋል። መውለጃዋ ሲደርስ ወደ ማህፀኗ ከግማሽ ሊትር በላይ ደም ይጎርፋል። በየደቂቃው! የእንግዴ ልጁ ሲላቀቅ ያ ሁሉ ጎርፍ መቆም አለበት። ያውም ወዲያው!

የሚያቆመውም ሌላ ሆርሞን ነው፤ ኦክሲቶሲን! ማህፀንን ጭብጥ ያደርግና የደም ሥሮቹን ያንቃል። አሜሪካዊው ቪንሰንት ዱ ቪኞ ይህን ሆርሞን በላቦራቶሪ ሠርቶ በ1955 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸለመ። የሆርሞኑ መርፌ ግን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ ጁባ ደግሞ በየካቲትና በመጋቢት ወደ 40 ዲግሪ ትጠጋለች! ደቡብ ሱዳን እናቶች በወሊድ ምክንያት በብዛት ከሚሞቱባቸው አገሮች አንዷ ናት። አንድ ማቀዝቀዣ እዚያ ስንት ነፍስ ያተርፋል!

አራስ እግሯ ወይም ሳንባዋ ውስጥ ደም የመርጋቱ አደጋ እጅግ የሚከፋው በመጀመሪያዎቹ 6 ሳምንታት ነው። 42 ቀን! ቀለል ያለው ስጋት እስከ 12 ሳምንት ይዘልቃል። 84 ቀን! የወንድ ልጅ ክርስትና በ40፣ የሴት በ80! መገጣጠም ነው፤ ግን እንዴት ያለ መገጣጠም! ገንፎውም ጠያቂውም ይምጣ፤ አራሷ ግን እባክዎ ከአልጋ ወርዳ ትንሽ ትንሽ ትራመድ።

የሚዋጥ ኢስትሮጅንም ደም ያረጋል! በ1961 እ.ኤ.አ. ጆርዳን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ኢስትሮጅን ያለበትን እንክብል የወሰደች ነርስ ሳንባዋ ውስጥ ደም እንደረጋ ጻፈ። የመጀመሪያው የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል 150 ማይክሮ ግራም ኢስትሮጅን ነበረው፤ የዛሬው አብዛኛው ከ35 አይበልጥም!

ኢትዮጵያውያት በብዛት የሚመርጡት መርፌና ክንድ ውስጥ የሚቀበረውስ? ኢስትሮጅን የሚባል ነገር የለባቸውም!

ላረጡ ሴቶች የሚሰጠው ኢስትሮጅን ቆዳ ላይ ቢለጠፍስ? ቀድሞ ጉበት ስለማይገባ ደም የማርጋት ጉልበቱ ይከዳዋል!

ኢስትሮጅን ለወንዶችም ተሰጥቶ ነበር! አሜሪካ ውስጥ የልብ ሕመም የነበረባቸው ወንዶች ልባቸውን ይጠብቃል ተብሎ ዋጡት። ልባቸውን ጭራሽ ጎዳው! ከፍተኛው መጠን በ1970 እ.ኤ.አ. ተቋረጠ።

ታዲያ ወንዶች በተፈጥሯቸው አምልጠዋል ብለው እንዳያስቡ! አንዴ ደም ሥር ውስጥ ደም ከረጋ በኋላ፣ ዳግም የመርጋቱ አደጋ የሚበዛው በወንዶች ላይ ነው!