የሙቀት ሳምንትና የአየር ጠባይ ትንበያ

በመጋቢት ወር 2016 ዓ.ም. ሙቀቱ እስከ 45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊደርስ እንደሚችል ስለተተነበየ የደቡብ ሱዳን መንግሥት ትምህርት ቤቶችን ከመጋቢት 9 ቀን ጀምሮ ዘጋ። በየካቲት 2017 ዓ.ም. ደግሞ ተማሪዎች በሙቀት ራሳቸውን እየሳቱ በመውደቃቸው ትምህርት እንደገና ተቋረጠ። ነገሩ እኛን መምህራንን በቀጥታ ይመለከተናል።

በመጋቢት ፀሐይ ከምድር ወገብ አናት ላይ ትውላለች። ጁባ ከዚያ በስተሰሜን 5 ዲግሪ ያህል ብቻ ትርቃለች። ዝናብ አምጪው የነፋሳት መገናኛ ቀበቶ ግን ገና ከደቡብ አልደረሰላትም፤ ስለዚህ ሰማዩ ጠራ ያለ፣ መሬቱም ደረቅ ነው። መሬቱ እርጥብ ቢሆን ኖሮ ከፀሐይ ኃይል ከፊሉ ውሃውን በማትነን ያልቅ ነበር፤ ደረቅ ሲሆን ግን የተቀበለውን ለአየሩ ይመልሳል። ይህ የየዓመቱ ጠባይ ነው፤ የምድር መሞቅ ሲጨመርበት ከልክ ያልፋል።

በኬንያ የሚገኘው የኢጋድ የአየር ንብረት ትንበያ ማዕከል የወቅቱን ሁኔታ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛና ከመደበኛ በታች ብሎ በሦስት ይከፍላል። «ከመደበኛ በላይ፣ 60 በመቶ» ሲባል ሙቀቱ በ60 በመቶ ይጨምራል ማለት አይደለም። (ይህን የሚያሳስቱት ተማሪዎች ብቻ አይደሉም።) ዕድሉ ከ10 6 ነው ማለት ነው። የትኛው ቀን እንደሚብስ ለማወቅ የሳምንቱን ትንበያ መመልከት ያሻል።

ቴርሞሜትር ያለን እንደሆነ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ በቆርቆሮ ጣራ ሥርና በዛፍ ጥላ ሥር አስለክተን ልዩነቱን በሰሌዳ እናስጽፍ።