መሄጃውን ያሰበ መመለሻውን አይርሳ

ኮረንቲ መመለሻ ከሌለው ከባትሪው ንቅንቅ አይልም። በሰርኪት ሰሌዳ ላይ ይህ የመመለሻ መንገድ ግራውንድ ይባላል።

ብዙዎቻችን ሰሌዳ ስንነድፍ ለኃይሉ መስመር እንጠነቀቃለን፤ ግራውንዱን ግን በተረፈው ቦታ እናሾልከዋለን። እኔም ለአትክልት ማጠጫ መሣሪያችን ሰሌዳ ስሠራ ይህንኑ ስሕተት ፈጸምሁ። የውኃው ሞተር በተነሣ ቍጥር የአፈሩን እርጥበት የሚለካው ክፍል ይሳሳት ነበር። ጥፋቱም የፕሮግራሙ ነው ብዬ፣ ፕሮግራሙን የጻፈውን ጓደኛዬን በከንቱ ወቀስሁት።

በኋላ ሒሳቡን አብረን ሠራነው። ውፍረቱ 35 ማይክሮሜትር፣ ስፋቱ 0.25 ሚሊሜትር፣ ርዝመቱ 10 ሳንቲሜትር የሆነ የመዳብ መስመር ለኮረንቲ 0.2 ኦም ያህል እንቅፋት ይሆናል። ሞተሩ 1 አምፔር ሲስብ 0.2 ቮልት በመስመሩ ላይ ይቀራል። መለኪያውም የሚመለሰው በዚያው መስመር ስለ ነበር፣ ከዜሮ የሚነሣበት ነጥብ በዚያው ልክ ከፍ ይል ነበር።

መድኃኒቱ ሦስት ነው። አንደኛ፣ ለሞተሩ እስከ ባትሪው የሚደርስ የራሱን ሰፊ መመለሻ መስጠት፤ ሁለተኛ፣ የሰሌዳውን አንድ ፊት በግራውንድ መዳብ ማልበስ፤ ሦስተኛ፣ በየቺፑ የኃይል እግር አጠገብ 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር ማኖር። ካፓሲተሩ እንደ ጓዳ እንስራ ነው፤ ቺፑ በድንገት ሲጠማ ወንዝ ሳይወርድ ከዚያው ይቀዳል።

ሰሌዳውን እንደ ገና ሠራሁት፤ ጓደኛዬንም ይቅርታ ጠየቅሁት። እናንተም መሣሪያችሁ ሲያስቸግራችሁ፣ ሰው ከመውቀሳችሁ በፊት መመለሻውን መርምሩ።