የዳሩ በሬ ስለ ምን ቀድሞ ይደክማል?

በወላይታ አገር ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ጤፍ ታጭዶ ከተከመረ በኋላ፥ በሬዎች ጎን ለጎን ተቆራኝተው በአውድማ ላይ እየዞሩ ሲያበራዩ ያየ ሰው ይህን ሳያስተውል አይቀርም። በመካከል ያለው በሬ ቆሞ የሚያመነዥክ ይመስላል፤ የዳሩ ግን ይጣደፋል። ሆኖም በአንድ ገመድ የታሰሩ ናቸውና አንዱ ዙሩን ሲጨርስ ሌላውም ይጨርሳል። እንግዲህ እኩል ፈጠኑ እንበልን?

ነገሩ ለጨዋታ ብቻ የሚጠየቅ አይደለም። ጎረቤታሞች በሬዎቻቸውን አቀናጅተው ሲወቁ የአንደኛው በሬ ከሌላው ይልቅ ዝሎ ቢገኝ፥ ቤተ ሰብን ከቤተ ሰብ የሚያቀያይም ክርክር ሊነሣ ይችላልና ልኩን ማወቅ ይሻላል።

ልኩም እንዲህ ነው። የውስጡ በሬ ከአውድማው መካከል 2 ሜትር፥ የዳሩ 5 ሜትር ርቆ ቢዞር፥ የመጀመሪያው በአንድ ዙር 12 ሜትር ተኩል ያህል፥ ሁለተኛው ከ31 ሜትር በላይ ይሄዳል። 100 ዙር በተፈጸመ ጊዜ አንዱ 1256 ሜትር፥ ሌላው 3141 ሜትር ተጉዟል። የዙሩ ቍጥር አንድ ሲሆን የእግሩ መንገድ ከእጥፍ በለጠ ማለት ነው። ስለዚህ በሥራው እኩሌታ ላይ የዳሩን ወደ ውስጥ፥ የውስጡን ወደ ዳር ማዛወር ፍርድ ያለው ሥራ ይመስለናል፤ በሬው ራሱ አቤት ሊል አይችልምና።

የተመልካችም ዓይን የራሱ ማታለያ አለው። ከአውድማው ዳር ብንቆም፥ ያው የዳሩ በሬ በአጠገባችን ሲያልፍ እንደ ሩጫ፥ በወዲያ ማዶ ሲሻገር እንደ ማዝገም ሆኖ ይታየናል። በሬው እርምጃውን አልለወጠም፤ የተለወጠው ከእኛ ያለው ርቀት ነው። በመካከል ቆሞ ገመዱን ይዞ አብሮ የሚዞር ልጅ ደግሞ በሬዎቹ ከፊቱ የማይነቃነቁ፥ ክምሩና ቤቱ ግን የሚዞሩ ይመስለዋል።

ልጆቻችን «ምድር የምትዞር ከሆነች ስለ ምን አይታወቀንም?» ሲሉ መልሱ ከዚሁ ይገኛል። ምድር በ24 ሰዓት ስትዞር ሶዶ በየሰዓቱ ከ1650 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ምሥራቅ ትሄዳለች፤ ቤቱም ዛፉም አየሩም አብሮ ይሄዳልና አይታወቀንም። ለምድር ወገብ ስለምትቀርብም ከአዲስ አበባ በሰዓት 9 ኪሎ ሜትር ያህል ብልጫ አላት፤ ነገር ግን ጥላት አትሄድም፤ የዳር በሬ ናትና።

በዛሬው ጊዜ በሶዶ ቤቶች ላይ የተተከለው የቴሌቪዥን ዲሽ እንኳ ይህንኑ ይመሰክራል። ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ 35786 ኪሎ ሜትር ርቆ በሰዓት 11000 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጣል፤ ዙሩን ከምድር ጋራ እኩል ስለሚፈጽም ግን በሰማይ የተቸነከረ ይመስላል፤ ዲሹም አንድ ጊዜ ከተስተካከለ ወዲያ ፊቱን አያዞርም። ኢትዮጵያ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ምድር ያስወነጨፈችው የመጀመሪያዋ ሳተላይት ግን ከ600 ኪሎ ሜትር ጥቂት ከፍ ብላ ምድርን ከአንድ ሰዓት ተኩል በጥቂት ደቂቃ በሚበልጥ ጊዜ ትዞር ስለ ነበር፥ በእንጦጦ ያለው ጣቢያ መልእክቷን ለመቀበል አንቴናውን እያዞረ ይከተላት ነበር።