ፓምፑ ሲቆም፦ የትልቅ የጨው ውኃ አኳሪየም ግንባታና የቧንቧ አደረጃጀት

መግቢያ

በመኖሪያ ቤት ውስጥ የሚቀመጥ ትልቅ የጨው ውኃ አኳሪየም ለተመልካች የመስታወት ሣጥን፣ ጥቂት ድንጋይና ባለቀለም ዓሣ ነው። በምሕንድስና ዓይን ሲታይ ግን ከአንድ ቶን በላይ የሚመዝን፣ በላይኛውና በታችኛው ገንዳ መካከል ሌሊትና ቀን የሚዘዋወር የውኃ ሥርዓት ነው። ይህን ሥርዓት የሚነድፍ ሰው በቅድሚያ የሚጠይቀው ፓምፑ በሰዓት ስንት ሊትር እንደሚገፋና ማጣሪያው ምን ያህል እንደሚያጠራ ነው። ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው፤ ነገር ግን ሁለቱም መብራት እንዳለና ቧንቧው ክፍት እንደሆነ አድርገው ይነሣሉ። የቤት ወለል በውኃ የሚጥለቀለቀውም ሆነ እንስሳቱ የሚያልቁት ይህ ግምት በፈረሰበት ሰዓት ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የአኳሪየም ቧንቧ በዋናነት ሊነደፍ የሚገባው ፓምፑ ለሚቆምበትና ቧንቧው ለሚደፈንበት ጊዜ መሆኑን በቀላል የውኃ ስሌት ማሳየት ነው። ለዚህም አንድ ምሳሌያዊ ሥርዓት እንወስዳለን። የላይኛው ገንዳ ርዝመት 2.4 ሜትር፣ ወርድ 0.75 ሜትር፣ የመስታወቱ ቁመት 70 ሳንቲ ሜትር፣ የውኃው ጥልቀት 65 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። ከሥሩ የሚቀመጠው ገንዳ ርዝመት 1.2 ሜትር፣ ወርድ 0.5 ሜትር፣ ቁመት 45 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፣ ፓምፑ በሚሠራበት ጊዜ 35 ሳንቲ ሜትር ውኃ ይይዛል።

ክብደትና ግፊት

የላይኛው ገንዳ 1,170 ሊትር ይይዛል። የባሕር ውኃ እፍግታ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በአንድ ሜትር ኩብ 1,023 ኪሎ ግራም ገደማ በመሆኑ፣ ውኃው ብቻ ወደ 1,200 ኪሎ ግራም ይመዝናል። መስታወቱ 19 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው ወደ 300 ኪሎ ግራም ይጨምራል። ድንጋዩና መቆሚያው ሳይቆጠሩ ይህ ክብደት በ1.8 ካሬ ሜትር ወለል ላይ ሲያርፍ በካሬ ሜትር ከ8 ኪሎ ኒውተን በላይ ይሆናል። የአውሮፓ የግንባታ ደንብ ለመኖሪያ ቤት ወለል የሚያስቀምጠው የአገልግሎት ጭነት ከ1.5 እስከ 2 ኪሎ ኒውተን በካሬ ሜትር ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ገንዳ ከምድር ቤት ውጪ ከመቀመጡ በፊት የመዋቅር መሐንዲስ ሊያየው ይገባል።

በፊት ለፊቱ መስታወት ላይ የሚያርፈው የጎን ኃይል ወደ 5.1 ኪሎ ኒውተን ይደርሳል፤ ይህም የ520 ኪሎ ግራም ክብደት ያህል ነው። ኃይሉ የሚወሰነው በመስታወቱ ርዝመትና በውኃው ጥልቀት እንጂ በገንዳው ወርድ አይደለም። ጥልቀቱ ሁለት እጥፍ ሲሆን ግን ኃይሉ አራት እጥፍ ያድጋል። ብዙ ውኃ ለመያዝ የሚሻ ሰው ገንዳውን ከማስረዘም ይልቅ ወርዱን ቢያሰፋ የሚመከረው በዚህ ምክንያት ነው።

የውኃው ዑደት

በላይኛው ገንዳ ጠርዝ ላይ የመፍሰሻ ደፍ ይሠራል። ውኃው በደፉ ላይ ተሻግሮ ወደ መፍሰሻ ሣጥን ይገባል፤ ከዚያም በወራጅ ቧንቧ አማካይነት በመሬት ስበት ብቻ ወደ ታችኛው ገንዳ ይወርዳል። በዚያም በአረፋ ማጣሪያና በማሞቂያ በኩል አልፎ የመጨረሻው ክፍል ላይ ሲደርስ ፓምፑ በመላሽ ቧንቧ ወደ ላይ ይመልሰዋል። በዚህ አደረጃጀት ሌላውን የሚወስነው ፍሰት አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም የፓምፑ ነው። ወራጁ የሚያወርደው ፓምፑ የሰጠውን ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ሁለቱን ፍሰቶች በሁለት ፓምፖች ለማመጣጠን መሞከር ከንቱ ድካም ነው።

ፓምፑ በሰዓት 5,000 ሊትር ቢገፋና የደፉ ርዝመት 60 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ውኃው ከደፉ በላይ 12 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይቆማል። ይህች ቀጭን ሽፋን ቀጥሎ ለምናየው ስሌት መነሻ ናት።

ፓምፑ ሲቆም

መብራት ሲጠፋ ከደፉ በላይ ያለው ውኃ ይወርዳል። 12 ሚሊ ሜትር በ1.8 ካሬ ሜትር ሲባዛ ከ22 ሊትር አይበልጥም። ችግሩ ያለው በመላሹ ቧንቧ በኩል ነው። የቧንቧው አፍ በውኃ ውስጥ ጠልቆ ከሆነ፣ መገፋቱ ሲቆም ቧንቧው ራሱ ወደ ሲፎንነት ይለወጣል፤ አፉ አየር እስኪያገኝ ድረስም ውኃውን ወደ ኋላ ይስባል። አፉ ከውኃው ገጽ 10 ሳንቲ ሜትር በታች ቢሆን 180 ሊትር ይወርዳል። 2 ሳንቲ ሜትር በታች ቢሆን ግን 36 ሊትር ብቻ ነው።

የታችኛው ገንዳ ባዶ ቦታ 10 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም 60 ሊትር ነው። በመፍሰሻ ሣጥኑና በቧንቧዎቹ ውስጥ ያለው ውኃ 10 ሊትር ቢገመት፣ በመጀመሪያው ሁኔታ 190 ሊትር ወርዶ 130 ሊትሩ፣ ማለትም ከስድስት ጀሪካን በላይ፣ ወለሉ ላይ ይፈስሳል። በሁለተኛው ሁኔታ የሚወርደው 46 ሊትር ስለሆነ ገንዳው ይችለዋል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የስምንት ሳንቲ ሜትር ቧንቧ ነው።

ብዙዎች ይህን ችግር ውኃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ በሚከለክል ቼክ ቫልቭ ለመፍታት ይሞክራሉ። ቫልቩ አዲስ ሳለ ይሠራል። ይሁን እንጂ በጨው ውኃ ውስጥ የኖራ ቅርፊት የሚሠሩ ጥቃቅን ትሎችና የካልሲየም ክምችት በመዝጊያው ጠርዝ ላይ ስለሚያድጉ፣ ከጊዜ በኋላ አጥብቆ አይዘጋም። ከውኃው ገጽ በታች በመላሹ ቧንቧ ላይ የሚበሳ የአየር ቀዳዳም በአልጌ ሊደፈን ይችላል። ሁለቱም ተጨማሪ ጥንቃቄ ሊሆኑ ይችላሉ፤ መተማመኛው ግን የቧንቧው አፍ ከፍታ ሊሆን ይገባል፤ ከፍታ አይደፈንምና።

ወራጁ ሲደፈን

ተቃራኒው ችግር ቀንድ አውጣ ወይም የአልጌ ቁራጭ ወራጁን ሲዘጋውና ፓምፑ መግፋቱን ሲቀጥል የሚደርሰው ነው። ፓምፑ ሊገፋ የሚችለው በራሱ ክፍል ያለውን ውኃ ብቻ ነው። ክፍሉ በግድግዳ ተለይቶ 40 ሊትር ብቻ የሚይዝ ከሆነ፣ የላይኛው ገንዳ 22 ሚሊ ሜትር ብቻ ከፍ ይላል፤ ከመስታወቱ ጠርዝ በታች ያለው 5 ሳንቲ ሜትር ባዶ ቦታም ይበቃዋል። ክፍሉ 150 ሊትር የሚይዝ ቢሆን ኖሮ ግን ላይኛው ገንዳ ከ90 ሊትር በላይ መቀበል ስለማይችል 60 ሊትሩ ሳሎን ውስጥ ይፈስስ ነበር።

ወራጁ ራሱ በሦስት ቧንቧዎች ቢከፈል ይመረጣል። የመጀመሪያው አየር ሳይገባበት ሙሉ ሆኖ የሚፈስ ሲፎን ነው፤ ድምፅ አያሰማም፤ ፍሰቱም የቧንቧ ሠራተኞች ሳራሲኔስካ በሚሉት ቫልቭ ይስተካከላል። ሁለተኛው ከሲፎኑ የሚተርፈውን ጥቂት ውኃ የሚቀበል ክፍት ቧንቧ ነው። ሦስተኛው በዘወትር ጊዜ ደረቅ ሆኖ የሚቆይ፣ አፉ ከሁለቱ ከፍ ያለና ቫልቭ የሌለው የአደጋ መውረጃ ነው። ይህ ሦስተኛው ቧንቧ ብቻውን የፓምፑን ሙሉ ፍሰት ማውረድ መቻል አለበት። በእርሱ ውስጥ የውኃ ድምፅ ከተሰማም የመጀመሪያው እየተደፈነ ስለመሆኑ ማስጠንቀቂያ ነው።

የቧንቧ ስፋትና ማቴሪያል

በሰዓት 5,000 ሊትር በ25 ሚሊ ሜትር ውስጣዊ ዲያሜትር ሲያልፍ የውኃው ፍጥነት በሰከንድ 2.8 ሜትር ነው፤ በ40 ሚሊ ሜትር ግን ወደ 1.1 ሜትር ይወርዳል። በሰበቃ የሚጠፋው ጉልበት ፍሰቱ እኩል ሲሆን ከዲያሜትሩ አምስተኛ ርቢ ጋር በተገላቢጦሽ ስለሚሄድ፣ ጠባቡ ቧንቧ ከሰፊው አሥር እጥፍ ያህል ያባክናል። መታጠፊያዎቹ፣ ማለትም ጎሚቶዎቹ፣ ተደምረው የቧንቧው ርዝመት 5 ሜትር ያህል ቢሆን፣ በጠባቡ የሚጠፋው ወደ 1.55 ሜትር፣ በሰፊው 0.15 ሜትር ገደማ ከፍታ ነው። ውኃው የሚወጣበት ትክክለኛ ከፍታ 1.4 ሜትር ስለሆነ፣ በጠባቡ ቧንቧ የሚባክነው ጉልበት ውኃውን ለማንሣት ከሚያስፈልገው ይበልጣል። ለውኃው መሰጠት ያለበት ኃይልም ከ41 ዋት ወደ 22 ዋት የሚወርደው ቧንቧውን በማስፋት ብቻ ነው።

ማቴሪያሉ ፒቪሲ ቢሆን ይመረጣል። መዳብና ነሐስ ከጨው ውኃ ጋር ሲገናኙ የሚለቁት መዳብ አከርካሪ የሌላቸውን እንስሳት፣ በተለይም ሽሪምፕንና ኮራልን፣ በአነስተኛ መጠን እንኳ ይገድላል። ከመዳብ ቅይጥ የተሠሩ የቤት ውኃ ዕቃዎች እዚህ ቦታ የላቸውም።

ትነትና ጨዋማነት

ከሁለቱም ገንዳዎች የሚተንነው ንጹሕ ውኃ ነው፤ ጨው ይቀራል። የላይኛውን ገንዳ ደረጃ ደፉ ስለሚወስነው፣ የሥርዓቱ ትነት በሙሉ የሚታየው በፓምፑ ክፍል ብቻ ነው። የክፍሉ ስፋት 0.15 ካሬ ሜትር ከሆነ የ10 ሊትር ትነት 7 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅታ ያሳያል። የጎደለው ሁልጊዜ ጨው በሌለበት ውኃ መተካት አለበት። በስሕተት በጨው ውኃ ቢተካ፣ በየቀኑ 10 ሊትር በሚተንንበት ሁኔታ፣ ጨዋማነቱ በአሥር ቀን ውስጥ በኪሎ ግራም ከ35 ግራም ወደ 37.5 ግራም ይወጣል።

የጎደለውን የሚሞላ ተንሳፋፊ መቆጣጠሪያ ሲገጠም በቀጥታ ከከተማ ውኃ መስመር ጋር መያያዝ የለበትም፤ ክፍት ሆኖ ቢቀር ማቆሚያ የለውምና። የአንድ ቀን ትነት ብቻ የሚይዝ ባለ10 ሊትር ዕቃ ቢኖር ግን፣ መቆጣጠሪያው ቢበላሽና በዚያው ሰዓት መብራት ቢጠፋ እንኳ፣ ድምሩ 56 ሊትር ሆኖ ከ60 አይበልጥም።

ኦክስጅንና ከፍታ

ወለሉን ከውኃ ማዳን ግማሽ ሥራ ነው። ፓምፑ ሲቆም የውኃው ገጽ ስለሚረጋ ከአየር የሚገባው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ ዓሣዎቹና ባክቴሪያዎቹ ግን መተንፈሳቸውን ይቀጥላሉ። እዚህ ላይ የቦታው ከፍታ ወሳኝ ይሆናል። የባሕር ውኃ በ25 ዲግሪና በባሕር ጠለል ላይ በሊትር 6.7 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል። በ2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው አዲስ አበባ የአየሩ ግፊት ወደ 76 ኪሎ ፓስካል ስለሚወርድ፣ ያው ውኃ ሊይዝ የሚችለው 5 ሚሊ ግራም ገደማ ብቻ ነው።

ለማነጻጸር ያህል፣ በገንዳው ያለው ሕይወት በሰዓት ከእያንዳንዱ ሊትር 0.5 ሚሊ ግራም ይጠቀማል፣ 3 ሚሊ ግራም ደግሞ የአደጋ ወሰን ነው ብለን፣ ከገጹ የሚገባውን ችላ እንበል። በባሕር ጠለል ላይ ወሰኑ ላይ የሚደረሰው ከ7 ሰዓት በላይ ቆይቶ ሲሆን፣ በአዲስ አበባ ግን በ4 ሰዓት ነው። የኦክስጅኑ መጠን የቀነሰው በሩብ ነው፤ የመዳኛው ጊዜ ግን በግማሽ ገደማ አጠረ፤ ምክንያቱም ሙሌቱ ሲወርድ የአደጋው ወሰን አብሮ አይወርድም። ስለሆነም በባሕር ዳርቻ ከተሞች ለሚኖሩ አርቢዎች የተዘጋጁ የጥንቃቄ ሰዓቶችን በከፍተኛ ቦታ እንዳሉ መውሰድ አይቻልም።

መፍትሔው ውድ አይደለም። የውኃውን ገጽ ለማናወጥ 15 ዋት የሚጠቀም ባለ12 ቮልት ትንሽ ፓምፕ ይበቃል። የ100 አምፒር ሰዓት ባትሪ ግማሽ አቅሙ ብቻ ጥቅም ላይ ቢውል እንኳ ይህን ፓምፕ 40 ሰዓት ያንቀሳቅሰዋል። ዋናውን ፓምፕ በባትሪ ማስኬድ አያስፈልግም፤ በዚያ ሰዓት የሚፈለገው ውኃውን ማንሣት ሳይሆን ከአየር ጋር ማገናኘት ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ የቀረቡት ስሌቶች አንድ የጋራ ሐሳብ አላቸው፦ አስተማማኝ የሆነው ጥበቃ በከፍታና በመጠን የተወሰነው ነው። የቧንቧው አፍ ከፍታ፣ የፓምፑ ክፍል ይዘትና የመሙያው ዕቃ ልክ ጥገና አይጠይቁም፤ ቫልቭና ተንሳፋፊ ግን ይጠይቃሉ።

ይህንንም ጨውና እንስሳ ከመግባታቸው በፊት በአንድ ቀን ማረጋገጥ ይቻላል። ሥርዓቱ በንጹሕ ውኃ ተሞልቶ እየሠራ ሳለ ፓምፑ ይጥፋ፤ በታችኛው ገንዳ ውኃው ያረፈበት ከፍታም በመስታወቱ ላይ ይመልከት። ከዚያ ፓምፑ ተነሥቶ ዋናው ወራጅ ይደፈን፤ የአደጋው መውረጃ ብቻውን ፍሰቱን መቻሉ ይታይ። በመጨረሻም ሦስቱም ወራጆች ይዘጉና ፓምፑ ክፍሉን እስኪጨርስ ይጠበቅ። በእነዚህ ፈተናዎች ወለሉ ደረቅ ሆኖ ከቆየ፣ ባለቤቱ ቤት በሌለበት ሌሊት መብራት ቢጠፋም ሥርዓቱ ራሱን ይጠብቃል።